ክረምት የማያስጨንቀው በር፦ የውጭ የእንጨት በርን በምላስና በቀዳዳ መሥራት

ሐምሌ ላይ በትከሻ ካልገፉት የማይከፈት፣ ጥር ላይ ደግሞ በጠርዙ ብርሃን የሚያስገባ በር በየሰፈሩ አለ። ባለቤቱ አንዴ ማጠፊያውን፣ አንዴ አናጺውን ያማርራል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከአሠራሩ ነው። በሩ የተሠራው እንጨት እንደ ብረት ባለበት ይቆማል በሚል ሐሳብ ነው።

እንጨት ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶም ቢሆን ከአየር እርጥበት መውሰዱንና መመለሱን አይተውም። ሲወስድ ያብጣል፤ ሲመልስ ይኮማተራል። ይህ የሚሆነው በጣውላው ወርድ ነው። በቃጫው ርዝመት ያለው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። በአዲስ አበባ ደረቅ በጋና በእርጥቡ ክረምት መካከል 60 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ወጥ ጣውላ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ያህል ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። በበሩ ዙሪያ የምንተወው ክፍተት ደግሞ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጣውላ ጎን ለጎን ተገጥሞና ተጣብቆ፣ ከጀርባ አግዳሚ ተመትቶበት በሚስማር የተያያዘ በር ክረምት ቢጨናነቅ፣ በጋ ቢሰነጠቅ አይገርምም።

የድሮ አናጺዎች ለዚህ ያገኙት መላ በሩን ማዕቀፍና ሰሌዳ ብሎ መክፈል ነው። ሁለት ቋሚዎችና ሦስት አግዳሚዎች ማዕቀፉን ይሠራሉ፤ የአግዳሚው ጫፍ እንደ ምላስ ሳስቶ ቋሚው ላይ በተመታ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በማዕቀፉ ውስጠኛ ጠርዝ ቦይ ይቆፈራል፤ ሰሌዳዎቹ እዚያ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላና ያለ ሚስማር ይቀመጣሉ። ሰሌዳው ቦዩ ውስጥ እንደ ልቡ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ከውጭ ማንም አያየውም። የበሩን አጠቃላይ ስፋት የሚለውጠው የሁለቱ ቋሚዎች ወርድ ብቻ ይሆናል። 11.5 ሲደመር 11.5፣ በድምሩ 23 ሴንቲሜትር ነው። በ90 ሴንቲሜትር ላይ ይመጣ የነበረው መንቀሳቀስ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው።

መቃኑን መፈተሽ

በሩ ስለተበላሸ መቃኑም ይነቀል ማለት አይደለም። በጭቃ ቤትም ሆነ በድንጋይ ቤት መቃኑን መንቀል ግድግዳውን ማፍረስ ያስከትላል፤ ስለዚህ በቅድሚያ ይፈተሽ። ሁለቱን መቃኖችና ከላይ ያለውን ጉበን በቪቴ መፍቻ ጫፍ ወጋ ወጋ ያድርጉ። መፍቻው ከ3 ወይም ከ4 ሚሊሜትር በላይ ያለ ጉልበት ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ብስባሹ ብዙ ጊዜ ከደፉ ወደ ላይ 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር ላይ ያቆማል፤ ዝናብ ነጥሮ የሚመታው እዚያ ድረስ ነውና። የበሰበሰውን በሰያፍ ቆርጦ፣ በዚያው ሰያፍ የተቆረጠ አዲስ እንጨት መቀጠል ይቻላል። የሰያፉ ርዝመት የመቃኑን ውፍረት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ቁልቁለቱም ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወርድ ይሁን። ወደ ውስጥ ካዘነበለ መጋጠሚያው ውሃ እየጠጣ ደግሞ ይበሰብሳል።

ከዚያ ይለኩ። ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፤ ቁመቱን በግራና በቀኝ፤ በመጨረሻም ሁለቱን አግድሞሽ ከማዕዘን ማዕዘን። አግድሞሾቹ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ መቃኑ ተዛንፏል። በቆዩ ቤቶች ይህ የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን በሩን መጀመሪያውኑ አጣሞ መሥራት አያስፈልግም። በየጎኑ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር አስፍቶ፣ ማዕዘኑን በስኳድራ ጠብቆ መሥራትና በመጨረሻ በመቃኑ ልክ በመላጊያ ማውረድ ይሻላል። በቱንቢ መቃኖቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውንም ይዩ። አንዱ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ ካዘነበለ ትክክለኛ በር እንኳ አንዱ ማዕዘኑ ሳይገጥም ይቀራል፤ ጥፋቱም ያለ አግባብ በበሩ ይሳበባል።

እንጨቱ

ዋንዛ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ሲደርቅ ብዙ ስለማይጣመምና ለመሮና ለመላጊያ ስለሚመች ነው። የጽድ ቀዩ መሐል ብስባሴንና ምስጥን በደንብ ይቋቋማል፤ ነጩ ዳር ግን አይቋቋምም። ጽድ ጉጥ ይበዛበታል፣ በመዶሻ ሲመታም ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለደፍና ለመቃን እግር ከሁሉ ይመረጣል፤ ቀዳዳ ለሚበዛባቸው የበሩ ቋሚዎች ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዝግባና ቀረሮ ለመላግ የሚያስደስቱ ቢሆኑም ዝናብ የሚመታው ቦታ ላይ ቶሎ ይበሰብሳሉ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ይጠማዘዛል። ርካሽ ነው ተብሎ ለቋሚ ከዋለ በሁለተኛው ዓመት የበሩ አንዱ ማዕዘን ከመቃኑ ተነጥሎ ይቆማል።

ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ የተመናመኑ የአገር በቀል ዛፎች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 94/1986 አራቱንም ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ምንጩ የታወቀ እንጨት ይግዙ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጣውላ ወይም ወራጅ ነው። ለብዙ ዓመት ደርቋል፤ መጣመም የነበረበት ቀድሞ ተጣሟል። መላጊያ ከማስነካትዎ በፊት ግን የተቀበረ ሚስማር በማግኔት ይፈልጉ።

አዲስ ጣውላ ከሆነ መድረቁን በቃል አይቀበሉ። በጥላ የተደረደረ እንጨት በየ25 ሚሊሜትር ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ 50 ሚሊሜትር ከሆነ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ቀላሉ መፈተኛ ሚዛን ነው። ከጣውላው ጫፍ 30 ሴንቲሜትር ገብተው አንድ ቁራጭ ይቁረጡና ይመዝኑ። 103 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁትና እንደገና ይመዝኑ። የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት አካፍለው በ100 ያባዙ። ለውጭ በር ከ12 እስከ 14 በመቶ ተስማሚ ነው። 20 በመቶ ከሆነ ይጠብቁ። ኮላም ሆነ ሽብልቅ፣ ማለትም ምላሱን ለማጥበቅ ቀዳዳው ውስጥ የሚመታው ባለ ቀጭን ጫፍ እንጨት፣ እርጥብ እንጨትን አያድነውም፤ ሲኮማተር ምላሱ ከቀዳዳው ይላላል።

ልኮቹ

መቃኑ በውስጥ 900 በ2080 ሚሊሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። በግራና በቀኝ፣ ከላይም 3 ሚሊሜትር፣ ከታች 8 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል። በሩ 894 በ2069፣ ውፍረቱ 44 ሚሊሜትር ይሆናል። ቋሚዎቹ 115 ወርድ አላቸው። የላይ አግዳሚው 115፣ የመሐሉ 180፣ የታችኛው 220 ነው። በመሐል ለላይና ለታች ወርዷ 100 ሚሊሜትር የሆነች አጭር ቋሚ ትቆምና አራት ሰሌዳ ይወጣል።

የመሐሉ አግዳሚ የሚቀመጥበት ቦታ ብዙ በር ያበላሸ ጉዳይ ነው። ለዓይን ያምራል ተብሎ በእጀታው ትክክል ይደረጋል፤ ከዚያ ሰረገላ ቁልፉ ሲገባ የአግዳሚውን ምላስ ይበላዋል፤ በሩም ከሚጠነክርበት ቦታ ላይ ይላላል። አግዳሚውን ከታች ጠርዝ 700 ላይ አስጀምረው 880 ላይ ቢጨርሱት እጀታው 1050 ገደማ ላይ ሲያርፍ የቁልፉ ቤት ሙሉ በሙሉ ከአግዳሚው በላይ፣ በቋሚው ውስጥ ብቻ ይሆናል። ቁልፉን ግን ከእንጨቱ በፊት ይግዙና ጥልቀቱን ይለኩ፤ 115 ሚሊሜትር ወርድ ከ90 በላይ ጥልቀት ላለው ቁልፍ አይበቃም።

ሲቆረጥ ቋሚዎቹ 2170 ርዝመት ይኖራቸዋል፤ ከላይም ከታችም 50 ሚሊሜትር ያህል እንደ ቀንድ ወጣ ብሎ ይተዋል። ሦስቱ አግዳሚዎች 900 ናቸው፤ ምላሳቸው ቋሚውን በስቶ 3 ሚሊሜትር እንዲወጣ ነው። አጫጭሮቹ ቋሚዎች በየጫፋቸው 40 ሚሊሜትር ምላስ ስላላቸው 1154 እና 560 ይሆናሉ። ሰሌዳዎቹ ሁለቱ 1096፣ ሁለቱ 502 ቁመት አላቸው፤ ወርዳቸውን ወደ በኋላ እናየዋለን። ከ50 ሚሊሜትር ጣውላ ለማዕቀፉ፣ ከ25 ሚሊሜትር ለሰሌዳው፣ ከብክነቱ ጋር በድምሩ 0.11 ሜትር ኩብ ገደማ እንጨት ይበቃል።

ቀዳዳና ምላስ

አናጺዎች ወንድና ሴት የሚሉት ማያያዣ ይህ ነው። ወንዱ ምላሱ፣ ሴቷ ቀዳዳዋ ናት። የምላሱ ውፍረት የእንጨቱ ሲሶ ነው። 44 ለሦስት ሲካፈል 14 እና ሽርፍራፊ ይመጣል፤ ስለዚህ 14 ሚሊሜትር መሮ ይያዙ። በግራና በቀኝ 15፣ 15 ይተርፋል። ልኩን መሮው ይወስነው፤ ቀዳዳውን በመሮው ወርድ ልክ አንድ ጊዜ መምታት ግራና ቀኙን እየፋቁ ከማስፋት እጅግ ይበልጣል።

ከሁሉ በፊት ለእያንዳንዱ እንጨት አንድ ፊት ይምረጡና በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። መስመር ሁሉ ከዚያ ፊት ብቻ ይለካ። አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከጀርባ ለክቶ የሠራ ሰው፣ እንጨቶቹ ውፍረታቸው በአንድ ሚሊሜትር ቢለያይ እንኳ ያ ልዩነት በየመጋጠሚያው ደረጃ ሆኖ ይወጣበታል። ሁለቱ ቋሚዎችም ጎን ለጎን ተያይዘው፣ ስኳድራ ተደርጎባቸው በአንድ ላይ ይሰመሩ። ቁመታቸው ለየብቻ ከተለካ አግዳሚው ይዘማል።

የላይ አግዳሚውን መጋጠሚያ ቀረብ ብለን እንመልከተው። ወርዱ 115 ነው። ከውስጥ በኩል 12 ሚሊሜትሩን የሰሌዳው ቦይ ይወስደዋል። ከቀረው 103 ላይ ምላሱ 65 ብቻ ይሁን፤ የላይኛው 38 ሚሊሜትር ግን ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም፤ 12 ሚሊሜትር የምትረዝም አጭር ተረከዝ ሆና ትቀራለች። ምላሱ እስከ ላይኛው ጫፍ ቢሄድ ቀዳዳው የቋሚውን ራስ ይከፍተውና ማያያዣው እንደ ሹካ ይሆናል። ተረከዟ ባትኖር ደግሞ ያ 38 ሚሊሜትር የሚይዘው አጥቶ ከጊዜ በኋላ ይጣመማል። ተረከዟ ቋሚው ላይ በተቆፈረው ቦይ ጫፍ ውስጥ ትገባለች፤ ስለዚህ ቦዩንም ትደፍናለች።

የታችኛው አግዳሚ 220 ስለሆነ አንድ ሰፊ ምላስ አይሠራለትም። 170 ሚሊሜትር የሚረዝም ቀዳዳ ቋሚውን ለሁለት ሊሰነጥቀው ይደርሳል፤ ሰፊ ምላስም ሲኮማተር ብዙ ይላላል። የምላሱ ወርድ ከውፍረቱ አምስት እጥፍ ባይበልጥ መልካም ነው። ስለዚህ 60፣ መሐሉ 50 ክፍት፣ ደግሞ 60 ይደረግና ከታች 38 ተረከዝ ይተውለታል። የመሐሉ አግዳሚ ቦይ በሁለቱም ጠርዝ ስላለው 55፣ 46፣ 55 ይሆናል።

ቀዳዳው ሲመታ ከመስመሩ 3 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ይጀምሩ። መሮውን ቀጥ አድርገው ይምቱ፤ 5 ሚሊሜትር ወደ ፊት እያሉ ይቀጥሉ፤ ፍቅፋቂውን እያወጡ እስከ ግማሽ ጥልቀት ይውረዱ። ከዚያ ቋሚውን ገልብጠው ከሌላው ጠርዝ ይጀምሩ፤ ሁለቱ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ከአንድ ወገን ብቻ ከተመታ መሮው ሲወጣ የቋሚውን ውጫዊ ጠርዝ ገንጥሎት ይወጣል። የተዋት 3 ሚሊሜትር በመጨረሻ ትቆረጣለች፤ እስከዚያ ድረስ መሮው ሲነቀነቅ የሚደገፍባት እሷ ናት፤ ብትቆስልም ግድ የለም። ቀንዱም የተተወው ለዚሁ ነው። ከጫፍ አጠገብ ሲመታ ቋሚው እንዳይሰነጠቅ ይይዛል። በሩ ተገጥሞ እስኪያልቅ አይቆረጥም።

ምላሱን ሲቆርጡ መጋዙ ከመስመሩ ውጭ ይሂድ፤ መስመሩ ምላሱ ላይ ይቅር። ትከሻው፣ ማለትም ምላሱ የሚነሳበት ጠርዝ፣ በእርሳስ ብቻ ሳይሆን በስለታም ቢላ ይሰመር። ከትከሻ እስከ ትከሻ ያለው ርዝመት በሦስቱም አግዳሚዎች 664 ሚሊሜትር ነው፤ አንዱ በአንድ ሚሊሜትር ቢያጥር በዚያ መጋጠሚያ ለዘላለም ስንጥቅ ይታያል። ምላሱ በእጅ ተገፍቶ እስከ ግማሽ ከገባና ቀሪው በእንጨት መዶሻ ቀላል ምት ከሞላ ልኩ ያ ነው። እየተደበደበ የሚገባ ምላስ ቋሚውን ይሰነጥቀዋል፤ በራሱ የሚወድቀውን ደግሞ ሽብልቅም አይመልሰውም።

ሰሌዳው

ቦዩ 14 ሚሊሜትር ስፋትና 12 ጥልቀት አለው። ሰሌዳው 20 ሚሊሜትር ውፍረት ይኖረውና ጠርዙ በሰያፍ ተላግቶ 13.5 ይሆናል። የሰሌዳው ክፍት ቦታ 282 ሚሊሜትር ነው፤ በሁለት ወገን 12፣ 12 ሲደመርበት ከቦይ እስከ ቦይ 306 ይሆናል። ጥር ላይ እየሠሩ ከሆነ ሰሌዳውን 300 አድርገው ይቁረጡ፤ ሊሰፋ ነውና። ነሐሴ ላይ ከሆነ 304 ይበቃል፤ ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው መጥበብ ነው። ይህን የወር ልዩነት ችላ ያለ ሰው ሰሌዳው ሲያብጥ ቋሚዎቹን ከአግዳሚው ሲያላቅቅበት ያየዋል። ሰሌዳዎቹን ሳይገጥሙ፣ ጠርዛቸው ድረስ ቀለም ወይም ዘይት ይቀቧቸው፤ ካልሆነ በመጀመሪያው በጋ ሲጠቡ ያልተቀባ ነጭ መስመር ይገለጣል።

መግጠምና መሸበልቅ

በመጀመሪያ ያለ ኮላ ሁሉም ይገጠም። አግድሞሾቹ ይለኩ፤ በሩም ሜዳ በሆነ ጠረጴዛ ላይ ይጋደም። መጠማዘዙን ለማየት ሁለት ቀጥ ያሉ እኩል ዘንጎችን አንዱን በበሩ ራስ፣ አንዱን በእግሩ ላይ አግድመው ያስቀምጡና ዓይንዎን ዝቅ አድርገው በአንዱ ላይ ሌላውን ይመልከቱ። ጠርዛቸው ካልተመሳሰለ በሩ ተጠማዟል። አሁን ምላሱን ፋቅ በማድረግ ይታረማል፤ ኮላ ከጠጣ በኋላ ግን አይታረምም።

ኮላው ውሃ የሚቋቋም ይሁን። ለቤት ዕቃ የሚሆነው ተራ ነጭ ኮላ ዝናብ ሲደጋገምበት ይላላል። ለምላሱና ለትከሻው ይቀባ፤ ወደ ሰሌዳው ቦይ አንዲት ጠብታ እንዳትገባ ግን ይጠንቀቁ። አጫጭሮቹ ቋሚዎችና ሰሌዳዎቹ በአግዳሚዎቹ መካከል ይገቡና ከዚያ ሁለቱ ቋሚዎች ከግራና ከቀኝ ይዘጋሉ። በሞርሳ ጠበቅ ተደርጎ፣ አግድሞሹ እንደገና ተለክቶ ሽብልቁ ይመታል።

ለሽብልቁ ቦታ የሚሆነው ቀድሞ ይዘጋጃል። ቀዳዳው ከቋሚው ውጫዊ ጠርዝ በኩል ከላይና ከታች 5 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ሽብልቁ ከደረቀ ወይራ ተፈልጦ ይሠራል። ወፍራሙ ጫፍ 5 ሚሊሜትር፣ ቀጭኑ 1፣ ወርዱ ከምላሱ ውፍረት ጋር እኩል 14 ይሁን። በምላሱ የላይና የታች ጠርዝ እንጂ በጎኑ በፍጹም አይመታም። በላይና በታች ሲመታ የሚገፋው የቋሚውን ቃጫ በርዝመቱ ነው፤ እዚያ እንጨቱ ጠንካራ ነው። በጎን ቢመታ ግን ቋሚውን እንደ ማገዶ ይፈልጠዋል። ሁለቱን ሽብልቆች በየተራ ይምቱ፤ አንዱ ብቻ ከተመታ አግዳሚው ከቦታው ይገፋል። ምላሱ አሁን ከውጭ ሰፋ፣ ከውስጥ ጠበብ ያለ ሆኗል፤ ኮላው ቢሞት እንኳ ወደ ኋላ አይወጣም።

ይህ አስተሳሰብ በአገራችን የቆየ ነው። በደብረ ዳሞና በይምርሃነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት የበርና የመስኮት መቃኖች በየማዕዘናቸው እንጨት በእንጨት ተይዘው፣ ጫፋቸው አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል። አክሱም ላይም በታላላቆቹ ሐውልቶች ግርጌ ይኸው የእንጨት አሠራር በድንጋይ ተቀርጿል።

ማንጠልጠል

ቀንዶቹ ይቆረጡ፤ በሩ በመቃኑ ልክ በመላጊያ ይውረድ። የታችኛው ጠርዝና የቋሚዎቹ እግር፣ ቃጫው ተቆርጦ የሚታይበት ስለሆነ፣ ከሌላው ቦታ ብዙ እጥፍ ውሃ ይጠጣል። በሩ ከተሰቀለ በኋላ እዚያ ብሩሽ አይደርስም፤ ሳይሰቀል ሦስት ጊዜ ይቀባ። የውጭ በሮች ከእግራቸው የሚበሰብሱት ይህ ስለሚረሳ ነው።

በሩ ከዋንዛ ከሆነ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሦስት ባለ 100 ሚሊሜትር ማጠፊያ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ከላይ 170፣ የመጨረሻው ከታች 230 ሚሊሜትር ላይ ይሁን፤ ሦስተኛው በመካከላቸው። ማጠፊያው የታችኛውና የላይኛው አግዳሚ ምላስ ከሚወጣበት ቦታ ጋር እንዳይጋጭ እያዩ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ቪቴ ሽብልቅ ውስጥ ሲገባ አይይዝም። የቁልፉ ጠርዝ ወደሚዘጋበት በኩል 2 ሚሊሜትር ያህል በሰያፍ ይላግ፤ ካልሆነ ክፍተቱ በቂ ሆኖ ሳለ በሩ ሲዘጋ ውስጠኛው ማዕዘን መቃኑን ይነካል።

ከታችኛው አግዳሚ በውጭ በኩል ውሃ የሚጥል ሰያፍ ዘንግ ይገጠም። ከበሩ 40 ሚሊሜትር ያህል ወጣ ይበል፤ ከሆዱ በኩል፣ ከጠርዙ 8 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ቀጭን ቦይ ይቆፈርለት። ውሃው በዘንጉ ሆድ ተከትሎ ወደ በሩ ሲመለስ እዚያ ቦይ ላይ ተቆርጦ ይንጠባጠባል። ቦዩ የሌለው ዘንግ ውሃውን ወደ ደፉ ይመራል እንጂ አይከለክልም። ከሰሌዳዎቹ በታች ያሉት የአግዳሚ ጠርዞችም ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብሉ፤ ሜዳ ከሆኑ ውሃ ይቋጠርባቸዋል።

ለቤት ውስጥ የተሠራ ቫርኒሽ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቃል፤ ከሥሩም ውሃ ይይዛል። የዘይት ቀለም ወይም ለውጭ የተዘጋጀ ቫርኒሽ ይሻላል። የተልባ ዘይትም ጥሩ ነው፤ ማድረቂያ የገባበት ይሁን፤ ጥሬው ለብዙ ቀን አይደርቅም። ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው በማዕዘን እንዳይጥሉት፤ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል፤ ዘርግተው ውጭ ያድርቁት። በውስጥና በውጭ የሚቀባው ቁጥር እኩል ይሁን። በውጭ ሦስት፣ በውስጥ አንድ የተቀባ በር አንዱ ፊቱ ፈጥኖ እርጥበት ስለሚወስድ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል።

በመጀመሪያው ክረምት በሩ የተወሰነ ቦታ ላይ ቢነካ ወዲያው መላጊያ አያንሱ። የነካበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው እስከ ጥቅምት ይጠብቁ። ያን ጊዜም ከነካ ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ ቪቴዎቹን ይፈትሹ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ያውርዱና የተላገውን ጠርዝ በዚያው ቀን ይቀቡት።